እናቴን ይዤ ጃፓን ባሕር ዳርቻ ፍልውሃ ሆቴል ላድር ነው፣ እስኪ ምከሩኝ

ታላቅ_እህት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ቶኪዮ ተምሮ በማርች መጨረሻ ይመረቃል፣ እኔና እማዬ ልንሄድለት ነው። ቪዛው ወጥቷል፣ ትኬቱም ተቆርጧል። ከምረቃው በኋላ እማዬን ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ፣ ፍልውሃ ያለው ሪዞርት ወስደን ሁለት ሌሊት ልናሳርፋት አስበናል። ጉልበቷን ያማታል፣ ፍልውሃ ደግሞ ነፍሷ ነው፤ እዚያም አለ ብዬ ከነገርኳት ወዲህ ስለ ምረቃው መጠየቅ ሁሉ ትታለች።

ችግሩ ባነበብኩ ቁጥር ጥያቄዬ እየበዛ መጣ። መጀመሪያ ነገር፣ ሰው ሁሉ ራቁቱን ነው የሚገባው፣ የዋና ልብስም አይፈቀድም ይላሉ። እውነት ነው? ወንድና ሴት ለየብቻ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ከእናቴ ጋር ጎን ለጎን እንዲያ ሆኖ መቀመጥ... እሷ እንኳ ግድ የላትም፣ የማፍረው እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ንቅሳት ነው። እማዬ አንገቷ ላይ ዙሪያውን ንቅሳት አላት፣ ግንባሯ ላይም ትንሽዬ መስቀል። የልጅነቷ ነው። ንቅሳት ያለበት ሰው አይገባም የሚል ማስታወቂያ በየበሩ ተለጥፏል ሲባል ሰማሁ። አሥራ ምናምን ሰዓት በርራ ሄዳ በር ላይ ብትመለስ እኔ ምን ይውጠኛል?

ከዚያ ምግቡ። የምንሄደው በሁዳዴ ነው። እማዬ ጾም ፈትታ አታውቅም፣ ለጃፓን ብላም አትፈታም። እኔ ዓሣ እበላለሁ፣ እሷ እሱንም አትነካም። ሽሪምፕ፣ ሸርጣንና የአሳማ ነገር ደግሞ ጾም ባይሆንም አንበላም። ባሕር ዳርቻ ያለ ሆቴል ደግሞ ከዚህ ሌላ ምን ሊያቀርብ ነው?

ወንድሜ አታሚ ይላል። ጓደኛው ሺራሃማ ይላል። አንዷ የቢሮ ልጅ ደግሞ ቤፑን ካላያችሁ ጃፓንን አላያችሁም ብላኛለች። ሦስቱም ባሕር ዳር ያሉ የፍልውሃ ከተሞች ናቸው፣ የቱ ይሻላል? መሬት ላይ መተኛቱስ ለጉልበቷ እንዴት ነው? የምታውቁ እባካችሁ።

የካንቶ_ሰው፦

እንኳን ደስ አላችሁ፣ ለወንድምሽም ጭምር። እዚህ ቶኪዮ አካባቢ ብዙ ዓመት ስለኖርኩ ቤተሰብ የመጣበት ሰው ሁሉ ይደውልልኛል፣ የምመልሰውም ሁሌ አንድ ነው፦ ከተማውን ሳይሆን ገንዳውን ምረጡ። ሰው "አታሚ ነው ቤፑ?" ብሎ ይጨነቃል። ዋናው ጥያቄ ግን ሆቴሉ በሰዓት የሚከራይ የግል መታጠቢያ አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው። ካሺኪሪ ይሉታል። ብዙውን ጊዜ 45 ወይም 50 ደቂቃ ይሰጡሻል፣ በሩን ከውስጥ ትቆልፊያለሽ፣ ከዚያ በኋላ ማን ምን ተነቅሶ ገባ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንዳንዱ ሆቴል በነጻ ነው፣ አንዳንዱ ያስከፍላል። ኀፍረቱንም ንቅሳቱንም በአንድ ቁልፍ ዘጋሽው ማለት ነው።

ከዚህ ከፍ ሲል የክፍሉ በረንዳ ላይ የራሱ ገንዳ ያለው አለ። ባሕሩን እያየሽ፣ ከፈለግሽ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስተሽ ትገቢያለሽ። ዋጋው ግን ያማል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ፤ የበረንዳ ገንዳ ሁሉ ፍልውሃ አይደለም። አንዳንዱ የቧንቧ ውሃ አሙቀው ነው፣ ፎቶው ላይ አይለይም። ስትይዙ "የክፍሉ ገንዳ ኦንሰን (ፍልውሃ) ነው?" ብሎ ወንድምሽ በግልጽ ይጠይቅ። በጃፓን ሕግ ኦንሰን ለመባል ውሃው ከመሬት ሲወጣ 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ መሆን ወይም በሕጉ ከተዘረዘሩት ማዕድናት አንዱን በበቂ መጠን መያዝ አለበት፤ ሕጉ የ1948 ነው። ልብስ ማውለቂያው ክፍል ግድግዳ ላይ የውሃው ምርመራ ውጤት ተለጥፎ ታያላችሁ፣ ያ ካለ እውነተኛ ነው።

የራቁቱ ነገር እውነት ነው። የዋና ልብስ አይፈቀድም። ከመግባትሽ በፊት ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ ሰውነትሽን በሳሙና በደንብ ታጥበሽ፣ አረፋውን አለቅልቀሽ ነው የምትገቢው። ገንዳው መታጠቢያ ሳይሆን መቀመጫ ነው። የሚሰጡሽ ትንሽ ፎጣ ውሃ ውስጥ አይገባም፣ ሰዉ አጣጥፎ አናቱ ላይ ያስቀምጠዋል። ጸጉርም ታስሮ ነው። ስለ ማፈሩ ግን አትጨነቂ፣ እዚያ ማንም ማንንም አያይም። እኔ የመጀመሪያ ቀን መሬት ትዋጠኝ ብዬ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ስለ ቤዝቦል እያወሩኝ ነበር።

ለእናትሽ አታሚን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም ቅርብ ነው። ከቶኪዮ ጣቢያ ኮዳማ የሚባለውን ሺንካንሰን (ፈጣን ባቡር) ይዛችሁ 50 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ለአንድ ሰው ወደ 4,000 የን። ኖዞሚ የሚባለው ፈጣኑ አይቆምም፣ እንዳትሳሳቱ። በተራው ባቡር ደግሞ ሁለት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል፣ 2,000 የን አካባቢ ነው። የ7 ቀን የባቡር ፓስ ግዙ የሚላችሁን አትስሙ፤ ከ2023 ጀምሮ 50,000 የን ገብቷል፣ ለዚህች መንገድ ኪሳራ ነው። አታሚ ጣቢያ ስትወርዱ በሩ ላይ የእግር መንከሪያ ፍልውሃ አለ፣ በነጻ ነው። ኢኤያሱ የሚባለው የቶኩጋዋ ሾጉን (የያኔው የጃፓን የጦር ገዥ) በ1604 መጥቶ የታከመበት ከተማ ስለሆነ ገንዳው በሱ ስም ነው የተሰየመው። በኋላ የተነሱት ሾጉኖች እንዲያውም ውሃውን በበርሜል እስከ ኤዶ (የያኔዋ ቶኪዮ) እያስጫኑ ያስመጡት ነበር።

አንድ ጉድለት አለው፣ ከተማው ዳገት ነው፣ የማይሆን ዳገት። ከጣቢያ በእግር 10 ደቂቃ ያሉሽ ሆቴል በእናትሽ ጉልበት ሌላ ነገር ነው። አብዛኛው ሆቴል ማመላለሻ መኪና አለው፣ ሰዓቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዋጋው በክፍል ሳይሆን በሰው ነው የሚታሰበው፣ እራትና ቁርስ ጨምሮ። ደህና የሚባለው ለአንድ ሰው ለአንድ ሌሊት ከ20,000 የን አካባቢ ይጀምራል፣ በረንዳው ላይ ገንዳ ያለው 40,000ንም ያልፋል። ቅዳሜ ማታን ሽሹ፣ እሑድ ወይም ሰኞ ግቡ፣ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በዚህ ላይ የፍልውሃ ግብር የምትባል አለች፣ በሰው 150 የን ገደማ። ጉርሻ ግን አይሰጥም፣ ብትሰጡም ተከትለው ሮጠው ይመልሱላችኋል።

መኝታውን በተመለከተ፣ ታታሚውም (የሳር ምንጣፉ) አልጋውም ያለበት ክፍል አለ፣ ዋዮሺትሱ ይባላል። እሱን ያዙ። እራትም ወንበርና ጠረጴዛ ላይ ይሁንልን በሉ፣ አለዚያ እናትሽ እግር የሌለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ለመነሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ቤፑ_ናፋቂ፦

የካንቶው ወንድማችን ያለው ልክ ነው፣ ግን አታሚን እንዲያ ከፍ ከፍ ሲያደርግ ዝም ብዬ አላልፍም። ቤፑ ነው የተማርኩት። ከተማው ውስጥ ከ2,000 በላይ የፍልውሃ ምንጭ አለ። ጠዋት መስኮት ስትከፍቺ በየጣሪያው መሃል እንፋሎት ሲወጣ ታያለሽ፣ ከተማው ሙሉ እንደተጣደ ድስት ነው የሚመስለው።

አሁን ለጥያቄሽ። እናትሽ ጾመኛ ናቸው አልሽ አይደል? ካናዋ የሚባለው ሰፈር ሂጂ። እዚያ ከመሬት የሚወጣውን እንፋሎት ለምግብ ማብሰያ ያደርጉታል፣ ጂጎኩ ሙሺ ይባላል። የራስሽን አትክልት ይዘሽ ሄደሽ ምድጃውን በደቂቃ ተከራይተሽ ራስሽ የምታበስይበት ቦታ አለ። ስኳር ድንች፣ ዱባ፣ ካሮት፣ ጎመን፣ በቆሎ፣ ድንች ቀርከሃ ወንፊት ላይ ደርድረሽ ታስገቢያለሽ፣ ከባድ የእንጨት ክዳኑን ታወርጃለሽ፣ ጓንት ይሰጡሻል፣ ሰዓት ይሞሉልሻል። ዘይት የለ፣ ቅቤ የለ፣ የዓሣ መረቅ የለ። ጨው ጨው የሚል ነገር እንፋሎቱ ራሱ ይዞ ይመጣል። ያንን ስኳር ድንች እስካሁን አልረሳሁትም። ከቤት ሚጥሚጣ ይዘሽ ሂጂ፣ ታመሰግኚኛለሽ።

ሁለተኛ፣ አሸዋው። ታኬጋዋራ የሚባል በ1879 የተመሠረተ መታጠቢያ አለ፣ አሁን የቆመው የእንጨት ቤት የ1938 ነው። እዚያ ዩካታሽን (ቀለል ያለ የጥጥ ካባ) እንደለበስሽ ትጋደሚያለሽ፣ ሴቶቹ በፍልውሃ የሞቀ አሸዋ በአካፋ እስከ አንገትሽ ያለብሱሻል። ዩካታ ለብሰሽ ነው ያልኩሽ፣ አየሽ? አሸዋው እንዴት እንደሚከብድ መናገር አልችልም፣ የልብ ምትሽን ተረከዝሽ ላይ ትሰሚዋለሽ። 10 ደቂቃ አካባቢ ነው፣ ከዚያ በላይ አያስተኙሽም። ከዚያ ወደ ደቡብ ኢቡሱኪ የሚባል አለ፣ ካጎሺማ ክፍለ ሀገር፣ እዚያ ደግሞ ባሕሩ ዳር ላይ ነው የሚቀብሩሽ፣ አሸዋው 50 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይሞቃል። ግን ሩቅ ነው፣ ለሁለት ሌሊት አይሆንም።

ከቶኪዮ ወደ ቤፑ በአውሮፕላን ነው። ከቶኪዮው ሃኔዳ አየር ማረፊያ ኦይታ አየር ማረፊያ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከዚያ አውቶቡስ አንድ ሰዓት አይሞላም። አውቃለሁ፣ ከአታሚ ጋር ሲወዳደር ድካም አለው። ግን የከተማው የሕዝብ መታጠቢያዎች ንቅሳት ብዙም አያስጨንቃቸውም፣ የውጭ ተማሪ ሞልቶበት ለምደውታል።

አንድ ነገር እንዳልረሳ። እናትሽ አንገት ላይ የብር መስቀል ካለ፣ ምዮባን የሚባለው ሰፈር ከመግባታቸው በፊት ያውልቁት። ውሃው ድኝ አለበት፣ ብር በአንዴ ያጠቁራል። ማተባቸውን እንኳ ማንም አይነካባቸውም።

ታላቅ_እህት፦

ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የእንፋሎቱን ነገር ለእማዬ አነበብኩላት፣ "ይኸው፣ ሰዎቹም ጾም ያውቃሉ ማለት ነው" አለች።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ነጠላዋን እንደለበሰች ገንዳው ውስጥ ብትገባ ይከለክሏታል? የግሉም ቢሆን? ሁለተኛ፣ ደም ግፊት አለባት፣ መድኃኒት ትወስዳለች፣ ደህና ናት ግን። ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ነው የምትጾመው። በባዶ ሆዷ ሙቅ ውሃ ውስጥ ብትገባ ችግር አለው?

ነርሷ፦

አለው። ስለዚህ ይህንን በደንብ አንብቢ።

በባዶ ሆድና ውሃ ሳይጠጡ ሙቅ ገንዳ ውስጥ መግባት ለማንም ጥሩ አይደለም፣ ለደም ግፊት በሽተኛ ደግሞ ይብሳል። ሙቀቱ የደም ሥሩን ይከፍተዋል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ቀና ሲሉ ዓይናቸው ይጨልማል። እርጥብ ድንጋይ ላይ መውደቅ ማለት ነው። የሚያስቀው ነገር ጃፓኖቹ ይህን አስበውበታል። ክፍላችሁ ስትገቡ ጠረጴዛው ላይ ሻይና ጣፋጭ ታገኛላችሁ፣ ብዙ ጊዜ የቀይ ባቄላ ሊጥ ያለበት ነው። ለማስተናገድ ብቻ አይደለም፣ ገንዳ ከመግባት በፊት የደም ስኳር ትንሽ ከፍ እንዲል ነው። አብዛኛው ሆቴል ክፍል የሚሰጠው ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፣ በሐበሻ ሰዓት። የእናትሽ ጾም ሲያበቃ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቃቸዋል፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ? ወተት ወይም እንቁላል እንደሌለበት ግን ማሸጊያውን ለወንድምሽ አስነብቢው።

ይብሉ፣ ውሃ ይጠጡ፣ ግማሽ ሰዓት ይረፉ፣ ከዚያ ይግቡ። ከእራት በኋላም ወዲያው አይደለም። መጀመሪያ ከገንዳው እየቀዱ እግራቸው ላይ፣ ከዚያ ትከሻቸው ላይ ያፍስሱ፣ ሰውነታቸው ይልመደው። 42 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነውን ገንዳ ይተዉት፣ ብዙ ቦታ ሙቀቱ ተጽፏል። እስከ ደረት ብቻ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ 5 ደቂቃ ይበቃል። ወጥተው አርፈው መድገም ይሻላል። ሲነሱ ቀስ ብለው፣ መደገፊያውን ይዘው። ማርች ላይ የባሕሩ ነፋስ ገና ይቀዘቅዛል፣ ከቤት ውስጥ ወደ ውጭው ገንዳ ሲሄዱ ፎጣ ይደርቡ። ብቻቸውን እንዳትተዪያቸው። የሚወስዱትን መድኃኒት ይዘሽ ሐኪማቸውን ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቂ፣ እኔ ሐኪማቸው አይደለሁም። የአሸዋውን ነገርማ ሐኪማቸው እሺ ሳይል እንዳታስቢው። እላያቸው ላይ ክብደትም ሙቀትም አለ።

የባሕር ዳርቻ ፍልውሃ አብዛኛው ጨዋማ ነው፣ የአታሚም ቢሆን። ጨዉ ቆዳ ላይ ስለሚቀር ሙቀቱን ይይዛል፣ ከወጡ በኋላም ረጅም ጊዜ ይሞቃቸዋል። ለጉልበታቸው ያ ጥሩ ነው፣ ይፍታታል። ይድናል ግን አላልኩም።

ነጠላውን በተመለከተ፣ አይገባም። የግሉም ቢሆን ቀጥሎ የሚገባ ሰው አለ፣ ጨርቅ ውሃው ውስጥ አይነከርም። ሲወጡ ዩካታው ላይ ይደርቡት፣ ያምርባቸዋል። የዩካታው ግራ ጎን ከላይ ይሁን፣ ቀኙ ከላይ የሚሆነው ለሬሳ ነው።

ሀብታም_አይደለሁም፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም ይቺን ልጅ ለኪሳራ እየዳረጋችኋት ነው። በዚያ ዋጋ የምትከፍሉት ግማሹ ለእራቱ ነው፣ እራቱ ደግሞ ካይሴኪ ነው፣ ጥሬ ዓሣ፣ ሸርጣን፣ ቀንድ አውጣ የሚመስል ነገር፣ በትንንሽ ሳህን አሥር ዓይነት። እናትየዋ ከዚያ ውስጥ ሩዙንና ኮምጣጣውን ነው የሚበሉት። ሾርባው ራሱ ዳሺ ነው፣ ከደረቀ የቦኒቶ ዓሣ የተቀዳ፣ አትክልቱ ሁሉ በሱ ነው የሚበስለው። "ሥጋ የለውም" ሲሉሽ እውነታቸውን ነው፣ ዓሣውን እንደ ዓሣ አይቆጥሩትም።

እኔ ከቤተሰብ ጋር አንድ ሆቴል ገብቼ፣ ስሙን ልተወው፣ ጾመኛ አለን ብለን የነገርናቸው እዚያው ከደረስን በኋላ ነበር። ደንግጠው ይቅርታ ጠይቀው ያመጡልን ሰላጣ ነው፣ ላዩ ላይ የዓሣ ቅንጣቢ ተነስንሶበት። ሙሉውን ዋጋ ከፈልን።

የኔ ምክር፣ እራት የሌለበትን ያዙ፣ ሱዶማሪ ይባላል፣ ዋጋው በደንብ ይቀንሳል። ከመንገድ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ)፣ የተጠበሰ ስኳር ድንች፣ ሩዝ፣ ፍራፍሬ ገዝታችሁ ግቡ። ወይም ጭራሽ አትደሩ። ብዙ ሆቴል ሳያድሩ ለመታጠብ ብቻ ያስገባል፣ ከ1,000 እስከ 2,000 የን አካባቢ። ጠዋት ከቶኪዮ ሄዳችሁ ማታ ተመለሱ።

ሺራሃማ ያለውንም ልጅ ጠይቁት፣ ለፓንዳዎቹ ብሎ ከሆነ የሉም። በጁን 2025 አራቱም ቻይና ተመልሰዋል። አሸዋው ነጭ ነው፣ ሳኪ ኖ ዩ የሚባለው የድንጋይ ገንዳ እውነትም ማዕበሉ አጠገብ ነው፣ ቆንጆ ነው። ግን ከሺን-ኦሳካ እንኳ በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ ባሕሩ ሲቆጣ ደግሞ ገንዳው ይዘጋል።

የካንቶ_ሰው፦

@ሀብታም_አይደለሁም፣ የዳሺው ነገር ልክ ነህ፣ አልከራከርህም። የደርሶ መልሱን ነገር ግን ተወው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናት በአንድ ቀን ወስዶ አሳጥቦ መመለስ ማሳረፍ ነው እንዴ? ደግሞ የዚህ ነገር ጣዕሙ ማታው ላይ ነው። እራት በልተሽ ስትመለሺ ፍራሹ ተነጥፎ ታገኚዋለሽ፣ ዩካታ ለብሰሽ ጫማሽን እየጎተትሽ በኮሪደሩ ትሄጃለሽ፣ ማንም አይቸኩልም። አታሚ ከ1952 ጀምሮ ባሕሩ ላይ ርችት ይተኩሳሉ፣ በጋ ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ በተለያየ ቀን። ቀኑ ከገጠማችሁ ከበረንዳ ሆናችሁ ታያላችሁ።

ምግቡን ለማስተካከል ቢያንስ ከሳምንት በፊት በጽሑፍ ንገሯቸው። "ቬጂቴሪያን" ብቻ አትበሉ፣ እንዲህ ብለው ወንድምሽ በጃፓንኛ ይጻፍ፦ ሥጋ፣ ዓሣ፣ የባሕር እንስሳ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ የዓሣ ዳሺም የለም፣ ከኮምቡ የተሠራ ዳሺ ግን ይሆናል። ኮምቡ የባሕር ቅጠል ነው፣ ጾም ነው። እሺ ያለው ሆቴል በጣም ቆንጆ አድርጎ ነው የሚሠራው፣ የመነኮሳት የአትክልት ምግብ ባህል አላቸው። አንችልም ያለው ደግሞ በጊዜ ነገረሽ፣ ወደ ሌላው ትሄጃለሽ።

ባለ_አንበሳ፦

የንቅሳቱን ጉዳይ ማንም በቅጡ አልነካውም። እኔ ክንዴ ሙሉ ነው፣ ስለዚህ አውቀዋለሁ።

የሚከለክሉት በያኩዛ ምክንያት ነው፣ ማፍያዎቹ ሰውነታቸውን ስለሚነቀሱ። የጃፓን ቱሪዝም ኤጀንሲ በ2015 ሆቴሎችን ጠይቆ ነበር፤ ከመለሱት ውስጥ 56 ከመቶ ያህሉ እንከለክላለን፣ 31 ከመቶ እንፈቅዳለን፣ 13 ከመቶ ደግሞ ከተሸፈነ ይግቡ ብለዋል። ስለዚህ ዕድል ሳይሆን መጠየቅ ነው። የባህል ንቅሳት ነው ብለሽ በር ላይ ለማስረዳት አትተማመኚ። በ2013 ከኒውዚላንድ የመጣች አንዲት የማኦሪ ሴት ፊቷ ላይ የባህሏ ንቅሳት ስለነበረ ሆካይዶ ውስጥ ከአንድ መታጠቢያ ተመልሳለች፣ ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ መንግሥት ሁሉ ተናግሮበታል። ከዚያ ወዲህ ተለሳልሰዋል፣ ግን ፊት ለፊት የቆመችው የመታጠቢያ ቤት ሠራተኛ የምታየው ደንቡን ነው።

መሸፈኛ ፕላስተር የሚባለውን እርሺው። "የቆዳ ቀለም" ይላል፣ የነሱ ቆዳ ቀለም ነው። በእናትሽ አንገት ላይ ከንቅሳቱ በላይ እሱ ይታያል።

ፎቶ አንስተሽ፣ አንገታቸውን ብቻ፣ በኢሜይል ላኪላቸው። "አረጋዊት እናት ናቸው፣ የሃይማኖትና የባህል ምልክት ነው፣ የግሉን መታጠቢያ ብቻ እንጠቀማለን" በዪ። የግሉን ነው ካልሽ እምቢ የሚልሽ የለም ማለት ይቻላል። እሺ ያሉበትን መልስ አትሚና ያዢ።

ስለ ዓሣና ጾም ደግሞ ክርክር እንዳትጀምሩብን፣ ባለፈው የተነሳው ርዕስ እስካሁን አልተዘጋም።

ታላቅ_እህት፦

በጣም ነው የማመሰግነው። ወንድሜን ደውዬ እላዩ ላይ ጮህኩበት፣ "ይህን ሁሉ እዛ እየኖርክ አታውቅም?" ብዬ። እሱ የሚያውቀው የተማሪ መኝታ ቤትና ኑድል ነው።

አታሚ ሆነ። እሑድ ገብተን ማክሰኞ እንወጣለን። የካሺኪሪ ገንዳ ያለው፣ ባለ አልጋ ክፍል ያለው፣ ከጣቢያ መኪና የሚልክ ሆቴል አገኘን። ፎቶውን ልከንላቸው በግል መታጠቢያው ችግር የለም አሉ፣ "እናትዎን በደስታ እንጠብቃለን" የሚል ጨምረውበት። ምግቡን የመጀመሪያውን ሌሊት በኮምቡ እንሠራለን ብለዋል፣ ሁለተኛው ሌሊት ያለ እራት ነው የያዝነው፣ @ሀብታም_አይደለሁም ደስ ይበልህ። ሐኪሟም 5 ደቂቃ፣ 5 ደቂቃ እያረፈች ትግባ ብሏታል። ቤፑን ለሌላ ጊዜ፣ ስኳር ድንቹ ግን እማዬ አእምሮ ውስጥ ገብቷል፣ በየቀኑ ትጠይቀኛለች።

እኔ ራሴ የጋራውን ልሞክረው ወይስ ይቅርብኝ?

ቤፑ_ናፋቂ፦

ሞክሪው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ውረጂ፣ ሰው የለም፣ ፀሐይዋ ከባሕሩ ነው የምትወጣው፣ አታሚ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው። መነጽርሽን ግን በእንፋሎቱ ምንም ስለማያሳይሽ እዚያው ቅርጫቱ ውስጥ ተዪው።

ነርሷ፦

አንድ ነገር፣ ብዙ ሆቴል የወንዱንና የሴቱን ገንዳ ሌሊት ላይ ይቀያይረዋል፣ እንግዳው ሁለቱንም እንዲያይ። ማታ የገባሽበት በር ጠዋት የወንዶች ሊሆን ይችላል። በሩ ላይ የተንጠለጠለውን መጋረጃ እዪ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀዩ የሴት ነው፣ ሰማያዊው የወንድ። ለወንድምሽም ንገሪው፣ እንቅልፉን ሳይጨርስ ቀዩን ገልጦ ቢገባ ምረቃውን ሁሉ ያበላሸዋል።